ኢንዛይምን በእብቅ ከሰልና በማግኔት ማሰር፦ ነገሩ ምንድን ነው? የሚያዋጣውስ የት ነው?

ጠላ ጠማቂዋን "ብቅል ለምን ትጨምሪያለሽ?" ብትሏት ትስቅባችኋለች። ያለ ብቅል ምን ጠላ አለ? ደብረ ብርሃን ያለችው አረቄ አውጪም መልሷ ያው ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ ያድራል። በቅጠል ተሸፍኖ ያቆጠቁጣል። ከዚያ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ፍሬው ሲበቅል ታዲያ ውስጡ አንድ ነገር ይፈጠራል። ይህ ነገር ስታርችን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል። እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል።

ያ ነገር ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ፓየን እና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከብቅል ውስጥ ለይተው አወጡት። ከምንጩ ተለይቶ ለመውጣት የመጀመሪያው ኢንዛይም እሱ ነው። ያኔ ዲያስቴዝ ተባለ፤ ዛሬ ብዙው ሰው አሚሌዝ ይለዋል። እናቶቻችን ግን ፈረንሳዮቹን አልጠበቁም፣ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። በራሱ ቢተው ብዙ ዘመን የሚፈጅን ለውጥ በደቂቃና በሰዓት ያስጨርሳል። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ኢንዛይም አለው። ስታርች የሚቆርጠው ስብ አይነካም፤ ስብ የሚቆርጠው የወተት ስኳር አያውቅም። ቅርጹ የተጣጠፈ ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጽ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ይዘረዘራል፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይመለስም። የብቅል አሚሌዝ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በደንብ ይሠራል፤ 80 ላይ ብዙም አይቆይም። እንኩሮው ሳይበርድ የማይደፈደፈው አንድም ለዚህ ነው። ትኩሱ ብቅሉንም እርሾውንም ይገድላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ኢንዛይም ሥራውን ሲጨርስ አያልቅም። አንዱን ስታርች ቆርጦ ወደ ሌላው ያልፋል። ታዲያ ፋብሪካዎች በየጊዜው አዲስ የሚገዙት ለምንድን ነው? ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ከምርቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። መልሶ ለመልቀም ብዙ ጊዜ ከራሱ ከኢንዛይሙ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ይፈላል ወይም ይደፋል። ገና መሥራት የሚችል ነገር ነው የሚደፋው።

መፍትሔው ኢንዛይሙን ከማይሟሟ ጠጣር ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 ኔልሰን እና ግሪፊን የተባሉ አሜሪካውያን ስኳር የሚከፍል ኢንዛይም ከሰል ላይ ሲለጠፍ ሥራውን እንደማያቆም አዩ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ነገሩ ፋብሪካ የገባው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጃፓን ውስጥ ታናቤ ሴያኩ የተባለ ኩባንያ የታሰረ ኢንዛይም ተጠቅሞ አሚኖ አሲድ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ከበቆሎ የሚሠራው ጣፋጭ ሽሮፕ የሚያልፈው በታሰረ ኢንዛይም ውስጥ ነው። ለብዙ የፔኒሲሊን ዘመድ መድኃኒቶች መነሻ የሚሆነው ንጥረ ነገርም እንዲሁ።

ማሰር ስል ሜዳ ላይ በካስማ እንደታሰረ በቅሎ አስቡት። ካስማው ጠጣሩ ነገር ነው። ገመዱ የኬሚካል ትስስሩ ነው። በቅሎው አይጠፋም፣ ግን ይግጣል። ሦስት ነገር ሊበላሽ ይችላል። ገመዱ ከላላ በቅሎው ይሄዳል፤ ኢንዛይሙ ካስማው ላይ ዝም ብሎ ሲለጠፍ እንዲህ ነው፣ በየእጥበቱ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ያልቃል። ገመዱ በጣም ካጠረ ደግሞ በቅሎው ዞር ማለት አይችልም። ከሁሉ የከፋው ገመዱ አፉ ላይ ሲታሰር ነው። ኢንዛይም የሚሠራበት "አፍ" አለው፤ ትስስሩ እዚያ ላይ ካረፈ ኢንዛይሙ አለ፣ ተቆጥሯል፣ ግን አይሠራም። ኬሚስቱ ደግሞ የት ላይ እንደሚያስር መምረጥ የሚችለው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ኢንዛይም ሲታሰር አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበቱ የሚቀነሰው።

በዚያው መጠን ጥቅምም አለው። በብዙ ቦታ የታሰረ ኢንዛይም ለመዘርዘር ይቸገራል። ሙቀት ሲመጣበት ያልታሰረው ቀድሞ ሲበላሽ እሱ ይቆያል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህ ለምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም። ጠዋት ጋቢ ያስደረበ አየር ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ ያስወልቃል። ያለ ፍሪጅ እንዲህ ያለ መንገድ የሚሻገር ኢንዛይም ሙቀቱን ቻል ማድረግ አለበት።

እንግዲህ ካስማው ከምን ይሠራ? ገበያ ላይ ያለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሙጫ መሰል ፕላስቲክ ወይም ሲሊካ ነው፤ ውድ ነው። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ እርሻ ተረፈ ምርት አዞሩ። የሩዝ ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጭማቂው የወጣለት የሸንኮራ አገዳ፣ የስንዴ ጭድ፣ የቡና ገለባ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሳይቀር። እነዚህ የተክል ተረፎች የተሠሩት በአብዛኛው ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን ነው። ላያቸው ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዙ ብዙ መንጠቆዎች አሉ። ገመድ የሚታሰረው እነዚያ ላይ ነው።

ከሰል ማድረግም ይቻላል። አየር በማይገባበት ምድጃ፣ ከ300 እስከ 700 ዲግሪ ድረስ፣ ጭዱ ሳይነድ ይከስላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሙቀቱ ሲጨምር ከሰሉ ቀዳዳው ይበዛል፤ መንጠቆዎቹ ግን ይቃጠላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አታገኙም። ደግሞ ቀዳዳ በዛ ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። "የአንድ ግራም ከሰል ገጽ የኳስ ሜዳ ያህላል" የሚሉ ሰዎች አሉ። የተጋነነ ነው፤ ቢሆንም ይሁን፣ አብዛኛው ገጽ ያለው ግን ከ2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) በታች በሆኑ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል፤ አይገባም። ኳስ ሜዳው አለ፣ በሩ ግን ጠባብ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የገጹን ስፋት ሳይሆን የቀዳዳውን መጠን ነው።

ማግኔቱስ? እዚህ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሲያዩትም ያስደስታል። ሁለት ዓይነት የብረት ጨው ይወሰዳል፤ አንዱ ብረቱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ። የኋለኛው ከፊተኛው እጥፍ ይሆናል። የእብቁ ከሰል ባለበት ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ከዚያ አሞኒያ ይንጠባጠብበታል። ቢጫ ቡናማ የነበረው ውሃ ወዲያው ይጠቁራል። ያ ጥቁር ነገር ማግኔታይት ነው፤ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ በተፈጥሮም በድንጋይ ውስጥ ይገኛል። ቅንጣቱ 10 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ነውና መጠኑን ገምቱት። ቅንጣቶቹ ከሰሉ ላይና ጉድጓዱ ውስጥ ይጣበቃሉ። ሥራው አየር እንዳይገባበት ይደረጋል፤ አለበለዚያ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ዝገት ይቀድመዋል።

ከዚያ ይታጠባል። ደጋግሞ ይታጠባል፣ አሞኒያው እስኪለቅ። ብርጭቆው ውስጥ ስታማስሉት ቀለም እንደገባበት ውሃ ድፍርስርስ ይላል። ከውጭ በብርጭቆው ጎን ጠንካራ ማግኔት ስታስጠጉ ግን ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያ ጎን ይሰበሰባል። ከአፍታ በኋላ ውሃው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ታነባላችሁ። ውሃውን መድፋት ነው፤ ጥቁሩ ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። ማግኔቱን አንሱት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ነቅንቁት። ተመልሶ ይበተናል።

ተመልሶ መበተኑ ትልቅ ነገር ነው። ተራ የማግኔት ፍርፋሪ ቢሆን ኖሮ ማግኔቱ ከሄደ በኋላም እርስ በርሱ ተሳስቦ ይጓጉል ነበር። ማግኔታይት ከ20 ወይም ከ30 ናኖሜትር በታች ሲደቅቅ ግን ባሕሪው ይለወጣል። ማግኔት ሲቀርበው ይሳባል፤ ሲርቀው ምንም እንዳልነበረ ይረሳል። ያለ ከሰሉ ብቻውን ቢተው ደግሞ ይህ ደቃቅ ነገር በሌላ ምክንያት ይጓጉላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ከሰሉ አራርቆ ይይዘዋል። የተረፈ ምርቱ ጥቅም ርካሽነቱ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የቀረው ገመዱ ነው። በብዛት የሚጠቀሙት ግሉታራልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ነው። አምስት ካርቦን ያለው አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሁለቱም ጫፉ ይነክሳል። የሚነክሰው አሚን የሚባለውን የናይትሮጅን ቡድን ነው። ኢንዛይሙ አሚን አለው፤ ጭዱና ከሰሉ ግን ብዙም የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ አሚን ያለው ነገር ይቀቡታል። ለምሳሌ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራው ካይቶሳን አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ግሉታራልዴሃይዱ በአንድ ጫፉ ካስማውን፣ በሌላው ኢንዛይሙን ይይዛል። ኢንዛይሙ የሚጨመረው በቅዝቃዜ፣ ብዙ ጊዜ በ4 ዲግሪ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ኬሚካል ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ዕቃ ለማጽዳት የሚውል ነው። ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። ጓዳ ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

አሁን የገንዘቡን ነገር እናንሳ። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የእነዚህ ጥናቶች መግቢያ ሁልጊዜ "ገለባው ርካሽ ስለሆነ" ይላል። ገለባው ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን ከወጪው ትንሹ ክፍል እሱ ነው። ውዱ ኢንዛይሙ ነው። ከዚያ ገመዱ፣ የብረቱ ጨው፣ ምድጃው የሚበላው ጉልበት፣ ለእጥበት የሚሄደው ውሃ። አብዛኛው ደግሞ እኛ አገር በዶላር የሚገባ ነው።

በምሳሌ ልሥራው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የመጡ ናቸው። አንድ በርሜል ለመጨረስ የ1,000 ብር ኢንዛይም ያስፈልጋል እንበል። ያልታሰረው አንድ ጊዜ ሠርቶ ይደፋል፤ በርሜሉ 1,000 ብር ወጣበት። የታሰረው የማሰሪያው 500 ብር ይጨመርበታል። ሲታሰር ደግሞ ጉልበቱ በግማሽ ቀነሰ እንበል። ስለዚህ ለአንድ በርሜል እጥፍ ያስፈልጋል፦ 3,000 ብር። ሁለት ዙር ብቻ ከሠራ በርሜሉ 1,500 ይመጣል፤ ኪሳራ ነው። ሦስት ዙር ከሠራ እኩል ይሆናል። አሥር ዙር ከሠራ 300 ብር ይሆናል፤ አሁን አተረፈ። ገለባው በነፃ መጣ፣ በ50 ብር መጣ፣ ሒሳቡን ብዙ አያናጋውም። የሚያናጋው የዙሩ ብዛትና ሲታሰር የሚቀረው ጉልበት ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚከተል ነገር አለ። ኢንዛይሙ ራሱ ርካሽ ከሆነ ማሰሩ ልፋት ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያሉት የቢራ ፋብሪካዎች አሚሌዛቸውን የሚያገኙት ከብቅሉ ነው። ብቅሉ የግድ ይገባል፤ ኢንዛይሙ አብሮት ይመጣል። እነሱ ጋ ሄዶ "አሚሌዝ በማግኔት ልሰርላችሁ" ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ውድ ኢንዛይም ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ወተትን ላክቶስ (የወተት ስኳር) ለማይስማማው ሰው የሚያዘጋጀውን ላክቴዝ ውሰዱ። ወይም ማቅለሚያ የሚሰብረውን ላኬዝ።

ሌላም ጥያቄ አለ። ማግኔት ለምን አስፈለገ? ከላይ ያነሳኋቸው ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ማግኔት አይጠቀሙም። የታሰረውን ኢንዛይም ቱቦ ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ፈሳሹን ከላይ ያፈሱታል፣ ምርቱ ከታች ይወጣል። ለጠራ ሽሮፕ ይህ በቂና ርካሽ ነው። ማግኔቱ ዋጋ የሚያወጣው ፈሳሹ ሲቆሽሽ ነው። ጨርቅ ወይም ብርድ ልብስ የተቀለመበት ውሃ ክርና ጸጉር ይዞ ይመጣል። ቱቦው ቶሎ ይደፈናል። እዚያ ላይ ጥቁሩን ዱቄት በትኖ ማሠራት፣ ሲጨርስ ከቆሻሻው መካከል በማግኔት መልቀም፣ የትኛውም ማጣሪያ የማይችለው ነገር ነው። ጠጣርን ከጠጣር ለይቶ ያወጣል።

ጭድን ራሱን ወደ ስኳር መቀየር ለሚፈልጉም እንዲሁ ይመስላል። ግን እዚያ አንድ አጥር አለ። ጠጣር ላይ የታሰረ ኢንዛይም ጠጣር ጭድ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ሁለቱ ላያቸው ብቻ ይነካካል። ስለዚህ ብልሆቹ ጭዱን መጀመሪያ የሚቆርጠውን ኢንዛይም ነፃ ይለቁትና መጨረሻ ላይ የሚቆርጠውን፣ ቤታ ግሉኮሲዴዝ የሚባለውን፣ ብቻ ያስሩታል። እሱ የሚቆርጠው ውሃ ውስጥ የሟሟ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ መገናኘት አይቸግረውም።

"ተረፈ ምርት" ስለሚባለው ነገርም አንድ ቃል። የሰሜን ሸዋ ደገኛ ይህን ቢሰማ ይገረማል። መንዝ ውስጥ የገብስ ጭድ የሚጣል ነገር አይደለም፤ የበጋ የከብት መኖ ነው፣ ጭቃ ተቦክቶ የግድግዳ ምርጊት ነው። ኩበቱ እንኳ ማገዶ ነው። ቆላው ላይ የማሽላ አገዳ መኖም አጥርም ማገዶም ነው። በጥናቱ ወረቀት ላይ "ዋጋ የሌለው" የተባለው ነገር እዚህ ባለቤት አለው። ለዚህ ነው ርዕሱ ላይ እብቅ ያልኩት። ውድማ ላይ ሲዘራ ነፋስ የሚወስደው፣ ከብትም እምብዛም የማይሻው እሱ ነው። ደግነቱ ለካስማ የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ነው። ላብራቶሪ በግራም ነው የሚሠራው፤ ለአንድ መለስተኛ ሥራም የከብት መኖ የሚያሳጣ ጭድ አይጠይቅም።

በነገራችን ላይ፣ ተማሪ ሆናችሁ ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ፣ የሙከራ መመሪያው "ኢንዛይሙን በ100 ዲግሪ ውሃ አፍልተህ ግደለውና አወዳድር" ይላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለብቅል አሚሌዝ ከበቂ በላይ ነው፤ ሙቀት የሚቋቋሙ ኢንዛይሞች ግን አሉና ጊዜውን ማስረዘም ነው። ደግሞ የታሰረውን ዱቄት በውርጭ ሌሊት መስኮት ላይ እንዳታሳድሩት። ቅዝቃዜ ይወዳል፣ መቀዝቀዝና በረዶ መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

አሲድም ተጠንቀቁ። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 3 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ማግኔታይቱ መሟሟት ይጀምራል። ብረቱ ወደ ምርቱ ይገባል፣ ዱቄቱም ማግኔት አልሳብ ይላል። ለምግብ የታሰበ ከሆነ ይህ ሳይለካ ጥሩ ነው አይባልም።

እና አንድ ጥናት "የታሰረው ኢንዛይም ከአሥር ዙር በኋላም ይሠራል" ሲል ምን ልጠይቅ? መጀመሪያ፣ የተሠራው በንጹሕ የላብራቶሪ ፈሳሽ ነው ወይስ በእውነተኛ ፍሳሽ? ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዙር ስንት ሰዓት ነበር? የአሥር ደቂቃ አሥር ዙር አንድ ሙሉ ፈረቃ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል፦ ሥራውን የሠራው የታሰረው ኢንዛይም ነው ወይስ ለቆ ውሃው ውስጥ የገባው? አሚሌዝ ያሰረ ማንም ሰው ይህን በአዮዲን ሊሞክረው ይችላል። አዮዲን ስታርች ላይ ሲንጠባጠብ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርቹ ሲቆረጥ ሰማያዊው ይጠፋል። ዱቄቱን በማግኔት ሰብስቡ። ጥርት ያለውን ውሃ ብቻ ቅዱና ሌላ ስታርች ላይ ጨምሩት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ አዮዲን አንጠባጥቡ። ሰማያዊ ከሆነ ኢንዛይሙ ካስማው ላይ ነው። ሰማያዊው ከጠፋ ግን ሥራውን ቢያንስ በከፊል ሲሠራ የነበረው ገመድ በጥሶ ውሃው ውስጥ የሚዞረው ኢንዛይም ነው፤ ከውሃው ጋር አብሮ ይደፋል።